መንጠቆው የት ነው?

ሰሚት አካባቢ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ በደረሰ ጅምር ሕንፃ ጠርዝ፣ አንድ ፌራዮ ቁጢጥ ብሎ የኮለን ብረት ያስራል። አርባዎቹን የተሻገረ፣ መዳፉ ሽቦ በመጠምዘዝ የሻከረ ሰው ነው። ብርቱካናማ ሴፍቲ ቤልት ለብሷል። የደረቱ ማሠሪያ ተቆልፏል፤ የጭኑም ተቆልፏል። ከጀርባው የሚወርደው ገመድ ግን ወገቡ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ መንጠቆው ተመልሶ እዚያው የራሱ ቀበቶ ላይ ተሰክቷል። ከተረከዙ ኋላ አንድ ክንድ የማይሞላ ወለል አለ። ከዚያ ወዲያ አየር ነው።

የሥራ ደህንነት ባለሙያዋ ወጣት ናት። ደረጃውን ወጥታ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ መንጠቆው የት ነው?»

«ለብሼዋለሁ እኮ ኢንጂነር።»

«ለብሰውታል፤ የት አስረውታል?»

ሰውየው ዙሪያውን ቃኘ። በግራው ገና አርማታ ያልፈሰሰበት ብረት ቆሟል፤ በቀኙ የባሕር ዛፍ መወጣጫ፤ ከፊቱ ባዶ ሶሌታ። ቀና ብሎ አያት። «የት ልሰረው ታዲያ?» አላት።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቀበቶው ተገዝቷል፣ ተከፋፍሏል፣ ተለብሷል። የሚታሰርበትን ቦታ ግን ከመሐንዲሱ እስከ ካቦው ማንም አላሰበበትም። እዚያ ጠርዝ ላይ ለተቀመጠው ሰው በዚያች ሰዓት ቀበቶው ልብስ ነው፤ ያውም የሚከብድ ልብስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴፍቲ ቤልት በከተማችን ግንባታዎች ላይ ብርቅ ነበር። አሁን በየቦታው ይታያል፤ ይህ በራሱ መልካም ነው። ግን ቁጥጥራችን መልበስ ላይ ቆሟል። ፎቶ የሚነሳውም፣ ቅጽ ላይ ምልክት የሚደረግበትም «ለብሷል ወይስ አልለበሰም» የሚለው ነው። ሕይወት የሚያድነው ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ነው፦ የት ታሰረ፣ ገመዱ ስንት ሜትር ነው፣ ከሥር ስንት ሜትር ባዶ ቦታ አለ፣ ሰውየው ቢንጠለጠል ማን ያወርደዋል? እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ የመጀመሪያው ብቻውን ብዙም አይረዳም።

አስቀድሞ ስለ መውደቅ። ከ2 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት የአንድ ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሦስተኛ ፎቅ ወለል፣ 9 ሜትር ብንል፣ አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም፤ ፍጥነቱ ግን ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ያዝ አደርጋለሁ» የሚባል ነገር የለም። እጅ ከአእምሮ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚይዘውን እስኪያገኝ ነገሩ አልቋል። አደጋው የረጃጅም ፎቆች ብቻ ይመስለናል እንጂ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከመሰላል ወይም ከአንደኛው ሶሌታ ወድቆ አከርካሪውን የተሰበረ ሰው በየሰፈሩ አለ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ሕግ በግንባታ ላይ የመውደቅ መከላከያ ግዴታ የሚያደርገው ከ1.8 ሜትር ጀምሮ ነው፤ ከአንድ ረጅም ሰው ቁመት አይበልጥም።

ሁለተኛው ነገር፣ ቀበቶ የመጨረሻው መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መሬት ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር መሬት ላይ ይሠራ፤ የብረቱ ካጅ ታች ታስሮ ይነሳ። መውጣት ግድ ከሆነ ጠርዙ 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጠንካራ አግዳሚ ይታጠር፣ የሊፍቱ ጉድጓድ ይከደን። አግዳሚ ሰው ቢረሳም፣ ቢደክምም፣ ቢቸኩልም ሥራውን ይሠራል፤ ቀበቶ ግን ባለቤቱ በየደቂቃው ማስታወስ አለበት። በ1930ዎቹ ሳንፍራንሲስኮ ላይ የጎልደን ጌት ድልድይ ሲገነባ ዋና መሐንዲሱ ጆሴፍ ስትራውስ ከድልድዩ ሥር መረብ አዘርግቶ ነበር፤ 19 ሠራተኞች መረቡ ላይ ወድቀው ተርፈዋል። ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1937፣ አንድ ከባድ የሥራ መድረክ ተገንጥሎ መረቡን ቀዶ ወረደና 10 ሰዎች ሞቱ። ያው መረብ የሰውን ክብደት ችሏል፤ የመድረኩን ግን አልቻለም። የመከላከያ መሣሪያ ሁሉ የተሠራለት ልክ አለው፤ ልኩን የማያውቅ ሰው ባለው መሣሪያ ሊጎዳ ይችላል።

ልኩን ለመረዳት ከእኛው አገር ደብረ ዳሞን ማንሳት ይጠቅማል። ትግራይ ውስጥ፣ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን እንደተመሠረተ በሚነገርለት በአቡነ አረጋዊ ገዳም፣ ወደ አምባው የሚወጣው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል በገመድ ተይዞ ነው። ወጪው በእጁ የሚይዘው አንድ የጠፍር ገመድ አለ፤ ወገቡ ላይ የሚታሰር ሌላ ጠፍርም አለ፤ ይህንኛውን ከላይ ያለ መነኩሴ እየሳበ ይይዝለታል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ሁለተኛው ገመድ ምንጊዜም ውጥር መሆኑ ነው። ሰውየው ቢያዳልጠው ወዲያው ይንጠለጠላል እንጂ የሚወርድበት ርቀት የለም። ለዚህ ሥራ ወገብ ይበቃል።

ግንባታ ላይ ግን ገመዱ ይላላል፤ ሰውየው መንቀሳቀስ አለበትና። የላላ ገመድ ማለት ወድቆ ወድቆ በድንገት መያዝ ማለት ነው። ያኔ ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ቀበቶ ሰውን ከሁለት ያጥፈዋል፤ ሆድ ዕቃውንና አከርካሪውን ይጎዳል፣ ወይም ወደ ደረት ተንሸራትቶ ትንፋሽ ያሳጣል። አሜሪካ የወገብ ቀበቶ የወደቀን ሰው ለመያዝ እንዳያገለግል እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ሰውነት የሚይዘው ቀበቶ ኃይሉን ጭን፣ ዳሌ፣ ደረትና ትከሻ ላይ ያከፋፍለዋል፤ የጀርባው ቀለበት በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል የሚውለውም ሰውየው ሲያዝ ቀጥ ብሎ እንዲቀር ነው። እኛ ዘንድ ግን የወገብ ቀበቶ ዛሬም ሲሸጥና ሲለበስ ይታያል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ደገፍ ብሎ ለመሥራት ያገለግላል፤ ብቻውን ከመውደቅ ያድናል ብሎ ለሠራተኛ መስጠት ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

ኃይሉ ምን ያህል ነው? 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ሜትር ወድቆ ብዙ በማይለጠጥ ተራ ገመድ 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ሰውነቱ ላይ የሚያርፈው ከ3 ቶን በላይ ክብደት ያህል ነው። ያው ሰው በ1 ሜትር ርቀት ውስጥ ቀስ እያለ ቢቆም 240 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከገመዱ ጫፍ ላይ በትንሽ ከረጢት ታጥፎ የተሰፋው ሾክ አብሶርበር ይህን ነው የሚሠራው፦ ሲሳብ ስፌቱ በተርታ እየተቀደደ ጉዞውን ያረዝማል፣ ኃይሉን ይቀንሳል። የአውሮፓ ደረጃ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ6 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም በግምት ከ600 ኪሎ ክብደት፣ እንዳይበልጥ ያዛል። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ የጭነት ገመድ ወይም ሲባጎ ጀርባ ቀለበት ላይ መቋጠር፣ ገመዱ ባይበጠስም እንኳ፣ ሰውየውን ሊገድለው ይችላል።

ሾክ አብሶርበሩ ያመጣው ሌላ ጣጣ አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህንኑ ነው። ጉዞውን ሲያረዝም ከሥር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው ገመድ ርዝመት 2 ሜትር። ሾክ አብሶርበሩ ሲከፈት ቢበዛ 1.75 ሜትር ይጨምራል። ከጀርባ ቀለበት እስከ እግር 1.5 ሜትር። ለጥንቃቄ 1 ሜትር። ድምሩ ከታሰረበት ነጥብ ወደ ታች 6.25 ሜትር ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ወደ አንድ ጂ+4 ሕንፃ እንውሰደው። የፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ብንል፣ አንደኛው ሶሌታ ላይ ሆኖ መንጠቆውን እግሩ ሥር ያሰረ ሰው ቀበቶው ሥራውን ሳይጨርስ መሬት ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ሶሌታ ላይ፣ 6 ሜትር ከፍታ ላይ እንኳ፣ ያ የጥንቃቄ ርቀት አይሟላለትም። ቀበቶው ሙሉ ነው፣ መንጠቆው ተሰክቷል፣ ቅጹ ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጓል፤ ከአንደኛው ሶሌታ የወደቀው ሰው ግን መሬት ነክቷል። ይኸው መንጠቆ ከእግር ሥር ተነስቶ 2 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከራሱ በላይ ቢታሰር፣ ከወለሉ በታች የሚያስፈልገው ባዶ ቦታ ወደ 4.25 ሜትር ይወርዳል፤ የሚወድቅበት ርቀትም ያጥራል። ለዝቅተኛ ፎቆች የሚሻለው ሌላ ነው። አንደኛው እንደ መኪና ቀበቶ በድንገት ሲሳብ የሚቆልፈው ራሱ የሚጠቀለል ገመድ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ገመዱን ማሳጠር ነው፦ ሰውየው እጁን ዘርግቶ ይሥራ እንጂ እግሩ ጠርዝ ላይ እንዳይደርስ። ጠርዝ ያልደረሰ ሰው አይወድቅም። የደብረ ዳሞው መነኩሴ የሚያደርገውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ወደ ፌራዮው ጥያቄ እንመለስ፤ የት ይሰረው?

የማይታሰርበትን ማወቅ ይቀድማል። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ማሠሪያ አይደለም፤ በሚስማርና በሽቦ የተያያዘ ነውና ከሰውየው ጋር አብሮ ይወርዳል። የፎርምወርክ ድጋፍ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የመስኮት ፍሬም፣ የጣሪያ ሞራሌ፣ ጠርዙን ያጠረው አግዳሚ፣ አንዳቸውም አይሆኑም። ቀጥ ብሎ የቆመ የኮለን ብረትም አይታመንም፤ መንጠቆው በጫፉ በኩል ሊሾልክ ይችላል፣ የወደቀው ሰው የሚያርፍበትም ሌላ የቆመ ብረት ሊሆን ይችላል። ማሠሪያ መሆን ያለበት ከሕንፃው አካል ጋር አንድ የሆነ ነገር ነው። የአሜሪካ ሕግ ለአንድ ሰው ማሠሪያ 22 ኪሎ ኒውተን እንዲችል ይጠይቃል፤ ከ2,200 ኪሎ በላይ ጭነት ማለት ነው። የአውሮፓው ደረጃ ደግሞ የማሠሪያ መሣሪያዎችን በ12 ኪሎ ኒውተን ይፈትናል። የጠነከረ ኮለን ላይ የሚጠመጠም የተሸመነ ማሠሪያ፣ የብረት ቢም ላይ የሚቆለፍ መያዣ፣ ወይም ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር ታስሮ አርማታ የሚፈስበት የማሠሪያ ቀለበት፤ እነዚህ ይሆናሉ። የመጨረሻው ርካሹም አስተማማኙም ነው። መሐንዲሱ አስልቶ ስዕሉ ላይ አራት አምስት ነጥብ ምልክት ቢያደርግ የሚያስከትለው ወጪ ከአጠቃላይ ግንባታው አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በሁለት ኮለን መካከል የሚወጠረው አግድም ሽቦ ግን ቀላል መስሎ ከባድ ነው፤ ሲሳብ ጫፎቹ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከወደቀው ሰው ኃይል በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል ያለ ባለሙያ ስሌት አይወጠር።

ከራስ በላይ ይሁን የምንለው ወደ ጎን ርቆ እንዳይሆን ጭምር ነው። ማሠሪያው በስተግራ አራት ሜትር ርቆ ሳለ የወደቀ ሰው ቁልቁል አይወርድም፤ እየተወዛወዘ ሄዶ ከግድግዳ ይላተማል፣ ገመዱም በሶሌታው ሹል ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ይቆረጣል። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ፣ ለምሳሌ የቴሌኮም ማማ ላይ የሚወጣው፣ ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ ያስፈልገዋል፤ አንዱን መንጠቆ ሳይሰካ ሌላውን አይፈታም።

ፌራዮው ከጠርዙ እንዲርቅ ከተደረገ በኋላ ባለሙያዋ ቀበቶውን አስወልቃ እጇ ላይ ዘረጋችው። የጀርባውን ቀለበት ይዛ አንዴ አራገፈችው፤ ማሠሪያዎቹ ሳይጠላለፉ ወረዱ። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጇ እየቆለመመች፣ ከስፌት ስፌት በጣቷ እየዳሰሰች ሄደች። የታጠፈ ጨርቅ ላይ የተቆረጠ ክር ብቅ ይላል። የግራ ጭኑ ማሠሪያ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ አገኘች፤ በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ ያለው ክር ደርቆ ተሰባበረ። ቀበቶዎች የሚሠሩት ባብዛኛው ከፖሊስተር ወይም ከናይለን ነው። ፖሊስተር ጠንካራ አልካላይን ይጎዳዋል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ጠንካራ አልካላይን ነው። ናይለንን የባትሪ አሲድና በረኪና ይበላዋል። ሁለቱንም ፀሐይ ያደክማቸዋል። ስለዚህ ቀበቶ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ ከሲሚንቶ ከረጢትና ከናፍጣ በርሚል ጋር አይወረወርም። ሾክ አብሶርበሩ በከፊልም ቢሆን ተከፍቶ ከተገኘ ወይም ቀበቶው አንድ ጊዜ ሰው ይዞ ከነበረ ከሥራ ይወጣል። ገመዱ ረዘመ ተብሎም አይቋጠርም፤ ቋጠሮ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። ለባሹ ከመልበሱ በፊት ሁልጊዜ ያየዋል፤ የሠለጠነ ሰው ደግሞ ቢያንስ በ12 ወር አንዴ መርምሮ ይመዘግባል።

የፌራዮው ቀበቶ ተቆርጦ ተጣለ። መቁረጡ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው፤ ሳይቆረጥ የተጣለ ቀበቶ ነገ ሌላ ሰው ላይ ይገኛል።

ሌላ ቀበቶ መጣለት። ሲለብስ የጭኑን ማሠሪያ አላላው፤ ይጠብቃል፣ መቀመጥ ይከለክላል ይላሉ ሠራተኞች። ልኩ ዝርግ መዳፍ በጨርቁና በጭኑ መካከል እንዲገባ፣ ጭብጥ ግን እንዳይገባ ነው። ከዚያ በላይ የላላ ከሆነ ሲያዝ ተንሸራትቶ ብሽሽት ላይ ይመታል፤ የደረቱም ከላላ ሰውየው በትከሻው ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። በከተማችን ግንባታ ላይ ባሬላ የሚሸከሙት፣ ጡብ የሚያቀብሉት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በቀሚስ ነው የሚሠሩት። የጭን ማሠሪያ በቀሚስ ላይ በትክክል አይታሰርም። ሱሪ የሥራ ልብስ ሳይሰጡ ለአንዲት ሴት ቀበቶ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው።

ገመዱ የያዘው ሰውም ገና አልዳነም። በጀርባው ቀለበት ተንጠልጥሎ እግሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፣ ወደ ልቡና ወደ ጭንቅላቱ የሚመለሰው ያንሳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ቆይቶም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማን፣ በምን መሰላል ወይም ገመድ፣ በየት በኩል እንደሚያወርደው ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ለእሳትና አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል፤ ግን የከተማውን መንገድ የምናውቅ ሰዎች እርዳታው እስኪደርስ ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ እናውቃለን። የተንጠለጠለው ራሱን ካልሳተ እግሩን ያንቀሳቅስ፣ የሚረግጠው ማንጠልጠያ ካለው ይርገጥ። ከወረደ በኋላ ቆሞ ወይም ቁጭ ብሎ ይቆይ የሚል ምክር ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የብሪታንያ የጤናና ደህንነት ተቋም ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት ለዚህ ምክር ማስረጃ እንደሌለ አሳይቷል፤ የተለመደው የመጀመሪያ እርዳታ ይደረግለት፣ አግድም ይተኛ።

ከሠራተኞች ጋር ሲወራ ቶሎ የሚመጣ አንድ መልስ አለ፦ «ቀኑ ከደረሰ ቀበቶ አያድንም።» ይህን የሚሉ ሰዎችን አልንቅም፤ በየቀኑ ሞትን አጠገባቸው እያዩ እንጀራ የሚያገኙ ሰዎች ናቸው፤ እምነታቸውም እውነተኛ ነው። ግን ደብረ ዳሞ ላይ ሕይወታቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡ መነኮሳት ናቸው የእንግዳውን ወገብ በጠፍር የሚያስሩት። ጸሎቱም ገመዱም አብረው ናቸው።

ሌላው መልስ «ሥራ ያዘገያል» ነው። ይህንኛው ከአሠሪ በኩል ሲመጣ ሕግ ይመልሰዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያስገድዳል። ማስተማሩ አብሮ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ያየውን ጉድለትም እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ የሥራ ደህንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ሕጉ ከነበረ ቆይቷል።

አሠሪ ማለት ደግሞ ትልቅ ኮንትራክተር ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ የሚያፈስ ጣሪያ ለማስጠገን ቆርቆሮ ላይ ሰው የምናወጣ ሁሉ፣ ማስታወቂያ የምናሰቅል፣ የፎቅ መስታወት የምናስጠርግ ሁሉ፣ ያንን ሰው ያወጣነው እኛ ነን። ቤት የምታሠሩ፣ ቀጣዩን ሶሌታ ከማስሞላታችሁ በፊት መሐንዲሳችሁን የማሠሪያ ቀለበቶቹ የት የት እንደሚቀበሩ ጠይቁት፤ ስዕሉ ላይም ያሳያችሁ። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ጥያቄው ይከብዳል። ማሳየት ካልቻለ የዚያን ዕለት አታስሞሉ።